ከወረቀቱ ጀምሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው፤ የምተዳደረው በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ነው። ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ። ዘንድሮ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ አካባቢያችን ባህልና ታሪክ የጻፉትን ይዘው መጡና «አንቺው አዘጋጅተሽ አሳትሚልኝ» አሉኝ። ከፊሉን ድሮ አስተይበውት በፍላሽ ነው ያመጡት፤ የቀረውን እኔ በዎርድ ጻፍኩት። በኤ4 118 ገጽ ሆነ። አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ልኬ የመጣው ናሙና ግን ሌላ ነው። በፍላሽ የመጣው ክፍል የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኗል፣ ሌላው ጽሑፍ ደቅቋል፣ ፎቶዎቹ ጠቁረዋል፣ የሽፋኑ ርዕስ ጫፉ ተቆርጧል። መምህሩ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ይህን ሙያ በደንብ መማር እፈልጋለሁ። የፎቶሾፕና የኢንዲዛይን (የምስል ማስተካከያና የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች) ኮርስ ልግባ ወይስ ከሌላ ልጀምር? ለእንዲህ ያለ ሥራስ እንዴት ነው የሚከፈለው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የዘረዘርሻቸው ችግሮች ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ምክንያትም መፍትሔም አላቸው። ኮርስ ለመግባት አትቸኩዪ። ኮርሱ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ያሳይሻል፤ መጽሐፍ እንዴት እንደሚታተም ግን ብዙ ጊዜ አይነግርሽም። የአንቺ ፋይል የተበላሸው በምን ወረቀት፣ በምን መጠን፣ በምን ዓይነት ጥረዛ እንደሚታተም ሳይታወቅ በመዘጋጀቱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመጨረሻው፣ ከወረቀቱና ከማሽኑ ጀምሪና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሺ።

ዛሬውኑ አንድ የኤ4 ወረቀት ውሰጂ። መሐል ለመሐል እጠፊው፤ አዙረሽ ድገሚው፤ እንደገና አዙረሽ ሠልሺው። በእጅሽ ያለው 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ያለው ትንሽ ጥራዝ ነው። ሳትቆርጪው ጫፉን እየገለጥሽ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፊበትና መልሰሽ ዘርጊው። 1 ከ16፣ 4 ከ13፣ 5 ከ12፣ 8 ከ9 ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ግማሾቹም ተዘቅዝቀው ታገኛቸዋለሽ። ወረቀቱን ገልብጪው፤ እዚያም ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ሁለት ቁጥሮች ድምራቸው 17 ነው። ማተሚያ ቤቱ ገጾችሽን ፕሌት በሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ ላይ የሚደረድራቸው በዚህ ዓይነት ነው። ድርደራው የእነሱ ሥራ ስለሆነ አንቺ ገጾቹን በተራቸው፣ አንድ በአንድ ብቻ ትልኪያለሽ፤ ሁለት ገጽ አጣምረሽ አትላኪ።

ከዚህች ወረቀት የምትማሪው ትልቁ ነገር መጽሐፍ በጥራዝ እንደሚቆጠር ነው። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር የሆነ የማተሚያ ወረቀት በአንድ ፊቱ 16፣ በሁለቱም ፊት 32 የኤ5 ገጽ ይይዛል። በግማሹ ወረቀት የሚሠራ ማሽን ደግሞ 16 ገጽ ያወጣል። የመምህሩ 118 የኤ4 ገጽ በኤ5 በትክክል ሲሰፍር 200 ገጽ አካባቢ ሊሆን ይችላል። 197 ገጽ ቢመጣልሽ ለ5 ገጽ ሲባል ተጨማሪ ፕሌት፣ ተጨማሪ ወረቀትና ተጨማሪ እጥፋት ይከፈላል። ወይ ወደ 192 አሳጥሪው፣ ወይ ወደ 208 አሳድጊው። በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ 208 ይሻላል። ካርታ፣ የአካባቢ ቃላት መፍቻ፣ የቦታ ስሞች ማውጫ ቢገባበት አንባቢ ይጠቀማል። ማተሚያ ቤቱ በ8 ገጽ ግማሽ ጥራዝ መጨመር የሚችል ከሆነም 200 ላይ ማቆም ይቻላል፤ ጠይቂ።

አሁን ወደ ደቀቀው ጽሑፍ እንምጣ። ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ5 148 በ210። በኤ4 ያዘጋጀሽውን ማተሚያ ቤቱ ወደ ኤ5 ሲያወርደው ሁሉም ነገር ወደ 71 በመቶ ይቀንሳል። 12 ነጥብ ብለሽ የጻፍሽው ፊደል 8.5 ሆነ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መጠን ሲታተም ይቸገራል፤ ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ፣ ደን ከጀ፣ ነን ከኘ የሚለየው አናቱ ላይ ያለው ትንሽ ጭረት ስለሆነ ቀለም ትንሽ ሲሰፋ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የዎርዱን ገጽ 148 በ210 አድርጊው። የውስጥ ኅዳግ 20፣ የውጭ 15፣ የላይ 16፣ የታች 20 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ግራና ቀኝ ገጽ እንዲፈራረቁ «ሚረር ማርጂን» የሚለውን ምረጪ። የታቹ ኅዳግ ከላይኛው ሰፋ ማለቱ የአገራችን ቁም ጸሐፊዎችም ልማድ ነው፤ በአካባቢሽ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ የብራና መጻሕፍትን ለማየት ዕድሉ ካለሽ፣ በወስፌ የተወጋውን ማስመሪያና የኅዳጉን አከፋፈል ልብ ብለሽ ተመልከቺ፤ ከብዙ ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል።

ለአዋቂ አንባቢ 11 ነጥብ ፊደል በ16 ነጥብ የመስመር ርቀት ይመቻል። በዚህ ልክ አንድ ገጽ 30 መስመር ይይዛል። የእኛ ፊደል ቁመቱ አንድ ወጥ ስለሆነ በመስመሮች መካከል እንደ ላቲን ፊደል የተፈጥሮ ክፍተት አይኖርም፤ መስመሩ ከተጣበቀ ገጹ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። የግራና የቀኙን ጠርዝ እኩል ማድረግም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ፕሮግራሙም ቃሉን የት እንደሚከፍል አያውቅም። ስለዚህ በጠባብ ዓምድ ላይ በቃላት መካከል ሰፋፊ ቀዳዳ ይፈጠራል። ዓምዱ ከ9 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የግራውን ብቻ እኩል አድርጊና ቀኙን ልቀቂው።

ወደ እንግሊዝኛ ፊደል የተለወጠው ክፍል ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የሚሥሉት በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ግዕዝ የራሱን ቦታ በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ የምትጽፊው ሁሉ በዩኒኮድ መሆን አለበት። ለመለየት ጽሑፉን ምረጪና ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሪው፤ ላቲን ከሆነ የድሮ ነው። ቁጥሩን ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቷ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡን ከመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል አስተያዪ፤ ስሕተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

እግረ መንገድሽን ሥርዓተ ነጥቡን አጽጂ። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ ይተካል፤ በስክሪን ላይ ቢመሳሰልም በመካከሉ ክፍተት ይኖራል፣ ፍለጋም ያበላሻል። «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ ድርብ የሆነውን ሁለት ነጥብ በሙሉ በ። ተኪ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ ተደርቦ የተጻፈውንም እንዲሁ። ቀጥለሽ ከ።፣ ከ፣ እና ከ፤ በፊት ያለውን ባዶ ቦታ አጥፊ፤ ያ ባዶ ቦታ ካለ ምልክቱ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ ባዶ ቦታውን ቀድመሽ ካጸዳሽ ኋላ የተተኩት ያመልጡሻል።

ርዕስ ስታደምቂ «ቢ» የምትለዋን ቁልፍ ከመጫንሽ በፊት ፎንቱ እውነተኛ ድምቅ ቅርጽ እንዳለው አረጋግጪ። ኒያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው፤ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያወፍራቸው የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ድምቅ የተሣሉ ቅርጾች አሏቸው፤ በነፃም ይገኛሉ። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ፎንት ይበቃል።

ስለ ፎቶዎቹ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ መጽሐፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ መጠኑ። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለሚታተም ፎቶ ወደ 1,180 ፒክስል፣ ሙሉ የኤ5 ስፋት ለሚሸፍን ከነትርፉ ወደ 1,820 ፒክስል ማለት ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ስለዚህ «በፋይል ላክልኝ» በይ። ትንሹን ምስል በፎቶሾፕ ማሳደግ የሌለ ዝርዝር አያመጣም። የድሮ የወረቀት ፎቶ ካለ በስልክ ከማንሳት በስካነር ማንሳት ይሻላል፤ ጉርድ ፎቶን በእጥፍ ልታሳድጊው ከሆነ በ600 ስካን አድርጊው።

ቀጥሎ ጥቁረቱ። 80 ግራሙ ተራ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፤ እያንዳንዷ የቀለም ነጥብ ወረቀቱ ላይ ትሰፋለች። ስክሪን ላይ 50 በመቶ የነበረው ግራጫ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። አሁን ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ፊታቸው የጠየመ የአንድ አዛውንት ፎቶ ይኑርሽ እንበል። ፊቱ በመካከለኛው ግራጫ ላይ ስለሚያርፍ ዓይንና ሽብሽብ ጠፍቶ ጥቁር ይሆናል፤ ጋቢው ደግሞ ምንም ነጥብ ስለማይደርሰው ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል። ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ ምስሉን ወደ ግራጫ ቀይሪ፤ «ከርቭስ» የሚለውን ከፍተሽ መካከለኛውን ክፍል ወደ ብርሃን ጎትቺ፣ ግማሹን ጥቁረት ከ50 ወደ 35 በመቶ ገደማ አውርጂው፤ በጣም ነጩ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነጥብ ይቅር፤ በጣም ጥቁሩም ከ90 በመቶ አይለፍ። በስክሪን ላይ ምስሉ የገረጣ ይመስልሻል፤ አትፍሪ። «ብራይትነስ» በሚለው ብቻ ብታነጪው ግን ጋቢው ጨርሶ ይጠፋል። ፎቶዎቹ የመጽሐፉ ነፍስ ከሆኑ 16 ገጽ ብቻ በአርት ፔፐር፣ ለስላሳ ልባጥ ባለው ወረቀት፣ አሳትሞ በጥራዞቹ መካከል ማስገባት ይቻላል፤ አርት ፔፐር ቀለም ስለማይጠጣ ዝርዝሩ ይወጣል።

የሽፋኑ ርዕስ የተቆረጠው ከጠርዝ ስለተጠጋ ነው። መጽሐፍ ከተጠረዘ በኋላ በሦስት ጎን በጊሎቲን ይቆረጣል፤ ቢላዋውም አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ስለዚህ የጀርባ ቀለሙና ሥዕሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ መውጣት አለበት፤ ብሊድ የሚሉት ይህን ነው። ጽሑፍና ፊት ግን ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 5፣ በሽፋን ላይ 8 ሚሊ ሜትር ይራቁ። ስፓይን የሚሉትን ጠባብ ጎን በግምት አትሥሪው። 500 ቅጠል ያለው የ80 ግራም ደስታ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ አንድ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። 208 ገጽ 104 ቅጠል ስለሆነ 10.4፣ ከሽፋኑ ካርድ ጋር 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሽፋኑ እንግዲህ የፊት 148፣ ስፓይን 11፣ የኋላ 148፣ ከአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተጨምሮ 313 በ216 ሚሊ ሜትር ነው። ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱን ዓይነት ከቀየረ ይህ ቁጥር ስለሚቀየር ሽፋኑን የመጨረሻ ሥራ አድርጊው።

በሽፋኑ ላይ ያለው ጥቁር ጽሑፍ ጥቁር ቀለም ብቻ መሆኑን አረጋግጪ። ስክሪን የሚሠራው በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማሽኑ በሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም። ከዎርድ የወጣ ጥቁር ሲለወጥ አራቱንም ቀለም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አራቱ ፕሌቶች በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ትንንሹ ፊደል ዙሪያውን ባለቀለም ጥላ ያወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮግራም ልመልስልሽ። በጥቁር ብቻ ለሚታተም የውስጥ ገጽ ዎርድ ይበቃል፤ ግን በስታይል ሥሪ። ምዕራፉን ሁሉ «ሄዲንግ 1» ካደረግሽው ማውጫው ራሱ ይወጣል፣ ገጽ ሲቀየርም ይስተካከላል። በባዶ ኤንተር ገጽ መግፋት ይቅር። የሚላከው ሁልጊዜ ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ነው፤ ዎርዱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይፈርሳል። ሽፋኑን ግን በስክሪበስ ሥሪ። ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አራቱን ቀለም ያውቃል፤ ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ኤክስ ያወጣል። ኢንዲዛይን ምርጥ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ሥራው ሲበዛልሽ ትደርሺበታለሽ።

በአካባቢሽ ብርድ ምክንያት ጥረዛውን ችላ አትበዪ። ማሽን የሚጠቀምበት ትኩስ ሙጫ በብርድ ይደርቃል፤ በታኅሣሥ ማለዳ ያደረ መጽሐፍ በኃይል ሲከፈት ጀርባው ይሰነጠቅና ቅጠል ይረግፋል። ያው መጽሐፍ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ሙጫው ይለሰልሳል። ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት የሚገባ መጽሐፍ ጥራዞቹ በክር ተሰፍተው ከዚያ ሙጫ ቢቀቡ ይሻላል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ዕድሜው ግን አይወዳደርም። ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት እንዳለውም እወቂ፤ ጭረቱ ከስፓይኑ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ለመለየት ቁራጩን በአንድ ፊቱ ብቻ አርጥቢው፤ የሚጠቀለልበት ቱቦ የተኛበት አቅጣጫ ጭረቱ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ መጽሐፉ ይሞገዳል፣ አልከፈት ይላል። ሱቅሽ ውስጥ ያለውን ወረቀትም በክረምት ከመጠቅለያው አውጥተሽ አታሳድሪ፤ ጉም ጠጥቶ ሲጠቀለል ነው ኮፒ ማሽን ውስጥ የሚሰነቀረው።

ለመለማመጃ የመምህሩን መጽሐፍ አትጠቀሚበት። እጅሽ ላይ ያለውን የእድር ደንብ ውሰጂና 16 ገጽ ያለው የኤ5 ቡክሌት አድርገሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሪው፦ ጽሑፉን አጽጂ፣ ስታይል ስጪ፣ ፒዲኤፍ አውጪ፣ በራስሽ ማተሚያ በኤ4 ሁለት ፊት አትሚ፣ 4ቱን ወረቀት አጥፈሽ መሐሉን በሁለት የስቴፕል ሽቦ ያዥው፣ በስለት ቁረጪው። በሽቦ የሚያዝ ሥራ ገጹ በ4 መካፈል እንዳለበት፣ የመሐሉ ቅጠል ወደ ውጭ እንደሚገፋ በእጅሽ ታያለሽ። ቀጥሎ ፎቶ ያለበት 32 ገጽ ሥሪ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስትወርጂ አንድ ማተሚያ ቤት ገብተሽ ፕሌት ሲወጣ፣ ወረቀት ሲታጠፍ፣ ጊሎቲን ሲቆርጥ ለግማሽ ቀን ቆመሽ እዪ፤ የተበላሸ ያልታጠፈ ወረቀት ለምነሽ ይዘሽ ተመለሺ።

የመምህሩን ሥራ ስትቀጥዪ እርማቱ ገጽ ቅንብር ከመጀመሩ በፊት ይለቅ። ቅንብሩ ካለቀ በኋላ አንድ አንቀጽ መጨመር ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ይገፋል። ቅንብር ያለቀውን በ100 በመቶ መጠን አትመሽ ለሌላ ሰው አስነብቢ፤ የጻፈው ሰው የራሱን ግድፈት አያይም። ለማተሚያ ቤቱ ፕሮፎርማ ስትጠይቂ ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፊ፦ መጠን 148 በ210፣ 208 ገጽ፣ ውስጥ 80 ግራም በአንድ ቀለም፣ ሽፋን 250 ግራም አርት ካርድ ባለ 4 ቀለም በአንድ ፊት፣ ማት ላሚኔሽን (የማያብለጨልጭ የፕላስቲክ ልባጥ)፣ በክር የተሰፋ፣ የቅጂ ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀን። ለሦስት ማተሚያ ቤት ያንኑ ወረቀት ስትሰጪ ነው ዋጋ ማወዳደር የሚቻለው። ጥቂት ደርዘን ቅጂ ብቻ ከሆነ ዲጂታል ይረክሳል፤ ከብዙ መቶ ጀምሮ የፕሌቱ ወጪ ስለሚከፋፈል በፕሌት የሚታተመው ኦፍሴት ያዋጣል። አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በጊዜ ውሰዱ። ባርኮዱ 37 በ26 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በነጭ ላይ በጥቁር ይቀመጥ፤ ከ80 በመቶ በታች አታሳንሺው።

ስለ ክፍያው፦ ለጠቅላላው በአንድ ድፍን ዋጋ አትስማሚ። ጽሕፈቱን በገጽ፣ ቅንብሩን በገጽ፣ ፎቶውን በቁጥር፣ ሽፋኑን ለብቻው ተምኚ። ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ሦስተኛው ይከፈልበት። ይህን አስቀድመሽ ካልጻፍሽው ቅንብሩን እየደጋገምሽ በነፃ ትሠሪያለሽ። የኅትመቱ ገንዘብ በአንቺ እጅ አይለፍ፤ መምህሩ ራሳቸው ከማተሚያ ቤቱ ጋር ውል ይፈራረሙ፣ ለአንቺም ከፊሉን ቀድመው ይክፈሉሽ። የመጨረሻውን ናሙና በየገጹ አይተው «ይታተም» ብለው የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው፤ የፈረሙበትን ቅጂ ፋይል ውስጥ አስቀምጪው፣ የታተመው ሲመጣ ከእሱ ጋር ታስተያዪዋለሽ።